የጋራዡ ስፖኪዮ

በአውቶብስ ጋራዡ ውስጥ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራ ሰው የለም። ኃላፊው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚፈላ ራዲያተር ነው። ኤሌትሪሻኑ በትንሽ ነገር ቱግ ስለሚል ፊውዝ ነው። ጎማ የሚፈታውና የሚያስረው ጎሚስታ ብቻ ከሥራው ውጪ ስም ሊገኝለት ስላልቻለ ጎሚስታው ተብሎ ቀረ። እነዚህን ስሞች ሁሉ ያወጣው ጋሽ ፍሬን ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአውቶብስ ሆድ ስር ተጋድሞ ፍሬን ሲያድስ የኖረ፣ ቅንድቡ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ስም ለማውጣት አይጨነቅም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያይህና ይለጥፍብሃል፤ አንተም ጡረታ እስክትወጣ ተሸክመኸው ትዞራለህ።

ካወጣቸው ስሞች ሁሉ ግን እንደ ስፖኪዮ የያዘለት የለም።

በሌላው ዓለም ወሬ አቀባይ ሰው ጆሮ ጠቢ ይባላል፤ አሳባቂም ይባላል። እዚህ ጋራዥ ስፖኪዮ ነው። ስፖኪዮ መቼም ከሹፌሩ መስኮት ውጪ ተንጠልጥሎ የኋላውን የሚያሳየው መስታወት መሆኑን የማያውቅ የለም። ጋሽ ፍሬን ቃሉን ባወጣ ቀን ሲተነትን፣ አብሮህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ድምፅ የለውም፣ ምንም አያስቸግርህም፤ ለሹፌሩ የሚያሳየው ግን ያንተን ጀርባ ነው አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ቃሉ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ቀለም ቀቢው ድረስ በሁሉም አፍ ገባ።

አጠቃቀሙ የራሱ ሥርዓት አለው። ለስሙ ባለቤት በፊቱ አይነገርም፤ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ሰውየው ወደ ሥራ ክፍሉ ብቅ ሲል ለበሩ ቅርብ የሆነ ሰው በያዘው መፍቻ ቸርኬ ላይ ሁለት ጊዜ ቃ፣ ቃ ያደርጋል። ቸርኬ ጎማው የሚጠለቅበት ብረት ነው፤ ድምፁ ግቢው ጥግ ድረስ ይሰማል። ያን ጊዜ ጨዋታ ይቆማል፣ የሳቀ ሳቁን ይውጣል፣ ሁሉም ሥራው ላይ ይደፋል። «ስፖኪዮው ቆሽሿል» ከተባለ ሰውየው ፊቱን አዙሯልና ወሬያችሁን ቀጥሉ ማለት ነው። «ተስተካክሏል» ከተባለ አፍህን ዝጋ። አንድ ነገር ራዲያተር ጆሮ ከደረሰ ደግሞ «ተሰፖከ» ይሉታል። ፊውዝማ ቃሉን ቤቱ ድረስ ይዞት ገብቶ፣ ወንድሟ ብስኩት በሰረቀ ቁጥር ለእናቷ የምታሳብቀውን የአራት ዓመት ልጁን ስፖኪዮ እያለ ይጠራታል።

በጋራዡ ስፖኪዮ የተባለው የመጋዘኑ ሰው ነው። ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው፣ ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን የማያወጣ ሰው ነው። የተቀጠረው ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። ያኔ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ተረኛ ለሁሉም ይፈርምና ሌላው ውልቅ የሚልበት ደግ ዘመን ነበር። የመጋዘኑ ሰው በመጣ በሦስተኛ ወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ራዲያተር የፊርማውን መዝገብ ይዞ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። አራት ሰው ሁለት ሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደ። ጋሽ ፍሬንና ጎሚስታው ከአራቱ ነበሩ።

ማን ነገረ? ዓርብ ዕለት የመጋዘኑ ሰው ከራዲያተር ቢሮ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ሲወጣ የታየ ነበር። ያየው ጋሽ ፍሬን ራሱ ነው። ሌላ ማስረጃ አልነበረም፤ የፈለገም አልነበረም። ከእገዳ በተመለሰበት ጠዋት ነው እንግዲህ እጁን እየጠረገ ቀና ብሎ አይቶ ስሙን የለጠፈው። ለግቢው ስልክ ሁሉ መተላለፊያ የሆነው ብቸኛ ቀፎ መጋዘኑ ውስጥ መኖሩ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠናከረው። ለኃላፊ ለመደወል የሚቀርበው እሱ አይደል!

ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑ ሰው ምሳውን ብቻውን ይበላል። ዕቃ የሚፈልግ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሁለት ቃል ይናገራል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። የታመመ ሲጠየቅ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲዳር ለሱ የሚነግረው የለም። እሱም አላጉረመረመም። ጋሽ ፍሬን አንዳንዴ በመስኮቱ በኩል አጎንብሶ ሲጽፍ ያየዋል፤ ክፋት ተሰምቶት አያውቅም፣ ጸጸትም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር በቃሉ ይኮራበት ነበር።

አሁን ስለ መስመሩ መናገር ግድ ነው፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። አንድ የአውቶብስ ጎማ በአሥር ዳዶ፣ ብሎን ላይ በሚጠመዘዝ ብረት፣ ይታሰራል። ጎሚስታው አውቶብሱ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ዳዶዎቹን ላላ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ አውቶብሱ መሬት ሲወርድ በረጅሙ መፍቻ፣ በሙሉ ክብደቱ ያጠብቃቸዋል። ካጠበቀ በኋላ በትንሽ ብሩሽ ከእያንዳንዱ ዳዶ እስከ ቸርኬው የሚደርስ ቢጫ መስመር ይቀባል። በኋላ ዳዶው ቢላላ መስመሩ ስለሚሰበር በዓይን ይታያል። ሕጉ አጭር ነው፤ ያጠበቀ ይቀባል፣ የተቀባ ጎማ ማንም አይነካም።

ጎሚስታው ግን ወገቡን ያመዋል። አውቶብሱ ከወረደ በኋላ ቁጢጥ ብሎ አሥር መስመር መቀባት ሞቱ ነው። ስለዚህ ጎማው ክሪክ ላይ ከፍ ብሎ በደረቱ ትክክል ሳለ ቀድሞ ይቀባል፤ ከዚያ አውርዶ ያጠብቃል። ሲያጠብቅ ዳዶው ጥቂት ስለሚዞር መስመሩ ይሰበራል፤ በላዩ ብሩሹን ጣል ጣል ያደርግበትና ይነሳል። በዚህ የተነሳ የሱ መስመር ሁልጊዜ ወፍራምና ወልጋዳ ነው። ሌላው ሰው የእጁ ጸባይ ይመስለዋል። ምስጢሩን የሚያውቀው ጋሽ ፍሬን ብቻ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከሥራ ክፍሉ ጀርባ በተጣለ አሮጌ የአውቶብስ ወንበር ላይ አብረው ምሳ በልተዋል፣ ወገብ ሲያመውም ጀርባውን የሚያሸው እሱ ነው።

የዚያን ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ጎሚስታው የአርባ አንድ ቁጥርን የግራ የፊት ጎማ ቀይሮ ገና ከክሪክ እንዳወረደ ስልኩ ጮኸ። ከልጁ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጅቱ ከደረጃ ወድቃ ግንባሯ ተፈንክቷልና ወላጅ ይምጣ። ጎሚስታው ረጅሙን መፍቻ ጥሎ፣ ከነቱታው፣ በሩጫ ወጣ። ራዲያተርን ያስፈቀደው እየሮጠ ነው። የአርባ አንድ ቁጥር ሹፌር ምሳውን ጨርሶ ሲመለስ ጎማው ተቀብቷል፤ ቀለሙም ደርቋል። ምን ይጠብቃል? የመውጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ጋሽ ፍሬን ከቧንቧው ተጣጥቦ ሲመለስ አውቶብሱ የበሩ ጠባቂ ቁጥሩን እስኪመዘግብ ቆሞ ነበር። በጎኑ ሲያልፍ የግራውን ጎማ አየው። አሥሩም መስመሮች ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ጎሚስታው ዛሬ እጁ ተባርኮለታል ብሎ በልቡ ቀለደ። አውቶብሱ ወጣ። ጋሽ ፍሬን ሥራ ክፍሉ ሲደርስ ረጅሙ መፍቻ ከክሪኩ አጠገብ መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘው። ጎሚስታው ደግሞ መፍቻውን ሳይወለውል፣ ግድግዳው ላይ ሳይሰቅል ሄዶ አያውቅም።

 ቀጭኑ መስመር የገባው መፍቻውን ሲያይ ነው። ዳዶዎቹ አልጠበቁም። አርባ አንድ ቁጥር የቁልቁለቱ መስመር ነው፤ ስድስት ፌርማታ ሜዳውን ይሄድና ከስድስተኛው በኋላ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ ቁልቁል ይወርዳል። በምሳ ሰዓት ሞልቶ ነው የሚሄደው።

ወደ በሩ ሮጠ፤ አውቶብሱ የለም፤ ጠባቂው ጎሚስታው ልጁ ትምህርት ቤት ተፈንክታበት ስልክ ተደውሎለት በሩጫ መውጣቱን ነገረው። ለሹፌሩ ደወለ፤ ሹፌሮች መሪ ላይ ሲቀመጡ ስልክ እንዲያጠፉ ታዘዋልና ጠፍቷል። ለጎሚስታው ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ተወው። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ስምሪት ክፍሉ በሬዲዮ አውቶብሱን ያቆመዋል። የስምሪት ኃላፊው ደግሞ አውቶብስ ሲያቆም ማን፣ ምን፣ በማን ጥፋት ብሎ ይጽፋል። ጎሚስታው ሁለት ማስጠንቀቂያ አለበት። ሦስተኛው የስንብት ደብዳቤ ነው።

ወደ ስምሪት የሚያስደውለው የውስጥ መስመር ስልክ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ብቻ ነው። ጋሽ ፍሬን በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ ገባ። የስልኩን እጀታ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ። ቁጥሩን ግን አልመታም። ያጠፋው ማን ነው ሲሉት ምን ሊል ነው? የተሰፖከው ማን ነው፣ የሰፖከውስ? ነገ ጠዋት ቸርኬው ለማን እንደሚመታ አወቀው። የራሴ ጥፋት ነው፣ ፍሬኑን ረሳሁት ልበል ብሎም አሰበ፤ ነገር ግን የአርባ አንድ ቁጥር ፍሬን የተፈተሸው ጠዋት በሁለት ሰው ፊት ነው፣ ራዲያተርም ቆሞ ፈርሞበታል።  እንዲህ ያለ ፍርሃት፣ አውቶብስ ከክሪክ ላይ ሊወርድበት በነበረ ጊዜም አልተሰማውም። በዚያ ላይ ፍርሃቱ ስለ ተሳፋሪው ብቻ አለመሆኑ አሳፈረው።

የመጋዘኑ ሰው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ያየው ነበር። ምን ሆንክ አለው። ጋሽ ፍሬን እጀታውን እንደያዘ ነገረው፤ መስመሩን፣ መፍቻውን፣ የልጅቱን መፈንከት፣ ሁሉንም አፈሰሰው። የመጋዘኑ ሰው የትኛው ጎማ እንደሆነና መቼ እንደወጣ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ እጀታውን ከእጁ ወስዶ ቁጥሩን መታ።

«አርባ አንድ ቁጥር ላይ ለግራ የፊት ጎማ ያወጣሁት ዳዶ ልኩ አይደለም» አለ፣ የዕቃ ዝርዝር በሚያነብበት በዚያው ድምፁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔን ስም ጻፍ። አውቶብሱ ባለበት ይቁም። አንድ ሜትር እንዳይንቀሳቀስ።»

እጀታውን መለሰና ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አዲስ ዳዶ አወረደ፤ ውሸቱ ዕቃ ያስፈልገው ነበር። የመጋዘኑን ፒካፕ እሱ ነዳ። ጋሽ ፍሬን ረጅሙን መፍቻ በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀመጠ። ሁለት መብራት እንዳለፉ ጋሽ ፍሬን ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀው።

የመጋዘኑ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ጎሚስታው ሁለት ማስጠንቀቂያ እንዳለበት፣ እሱ ግን አንድም እንደሌለበት አስረዳ። ሒሳቡ ለሱ ቀላል ነበር።

«ነገ ምን እንደሚሉህ ግን ታውቃለህ» አለ ጋሽ ፍሬን።

«ዘጠኝ ዓመት ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ያወጣኸውም አንተ መሆንህን አውቃለሁ፤ ጥሩ ቃል ነው።»

በዚህ መሃል ምንም ሳይጠየቅ፣ ያን ዓርብ ከራዲያተር ቢሮ ሲወጣ ፈቃድ ለምኖ መምጣቱ እንደነበር ተናገረ። ሚስቱ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነበር፤ ዶክተሮቹ ተስፋ አልሰጡትም። ራዲያተር አንድ ቀን ፈቀደለት። ስለ ቅዳሜው ፊርማ የሰማው ከሁሉም ሰው በኋላ፣ ሰኞ ነው። ይኼን ሲናገር ዕቃ ጠፍቶ ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰው እንጂ እንደተበደለ አልነበረም፤ ጋሽ ፍሬንን ያንገበገበውም ይኸው ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ያን ቅዳሜ የነገረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

አውቶብሱን ስድስተኛው ፌርማታ ላይ አገኙት። ቁልቁለቱ ከመቶ እርምጃ በኋላ ይጀምራል። ተሳፋሪው ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አንዷ ሴትዮ ሥራ አረፈድኩ እያለች ጋሽ ፍሬንን የተቻላትን ያህል ወረደችበት። ቁጭ ብሎ ዳዶዎቹን ነካ። ሁለቱ በጣት ዞሩ። አንዱ ጭራሽ በቦታው አልነበረም። ሹፌሩ ከኋላው ሆኖ አየና፣ መሪው ከአራተኛው ፌርማታ ጀምሮ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር አለ፤ ከዚያ ሄዶ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የድሮዎቹን ፈትተው አዲሶቹን አሰሩ። የመጋዘኑ ሰው የተፈቱትን ዘጠኝ ዳዶዎች ቆጥሮ ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። ጋሽ ፍሬን በረጅሙ መፍቻ እጁ እስኪዝል አጠበቀ፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ቁጢጥ ብሎ አሥር መስመር ቀባ። በሕይወቱ ጎማ ቀብቶ አያውቅም። መስመሮቹ ተጣመሙ።

ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ሁሉንም ነገራት። እሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ማሽኗን ሳታቆም ነው የምታዳምጠው። ስለ ዳዶው፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ስልኩ ሲያወራ እግሯ አላረፈም። ስለ ቀዶ ጥገናው ሲደርስ ማሽኗን አቆመች።

«እና ሴትየዋ ዳነች?» አለችው።

አልጠየቅኩም አላት። ባለቤቱ ትክ ብላ አይታው፣ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ግቢ ውላችሁ አለችና ጨርቋን አዙራ መስፋቷን ቀጠለች። ጋሽ ፍሬን ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ራዲያተር የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። የመጋዘን ሠራተኛው ያለ ልኩ ዳዶ በማውጣት የሕዝብን ሕይወት ለአደጋ አጋልጧል ይላል። ጋራዡ በደስታ አበደ። ስፖኪዮ ለካ ይሰነጠቃል ተባለ፤ የዛሬውን ማን ሰፖከው ተባለ፤ ራሱን በራሱ ተባለና ሳቁ ደራ። ጎሚስታው የልጁ ግንባር በአራት ስፌት ተዘግቶ ተመልሷል። ስለ ዳዶው ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ነደደ። የመጋዘኑ ሰው በሱ ጎማ ላይ የተጫወተው ሆን ብሎ እሱን ለማስባረር ነው አለ፤ ማመኑንም ከልቡ ነበር ያመነው። መስመሩን ቀድሞ መቀባቱ፣ መፍቻውን ጥሎ መሮጡ ከአእምሮው ጨርሶ ወጥቷል። ልጁ ስትደማ ያየ አባት ሌላ ምን ያስታውሳል?

ምሳ ሰዓት ላይ ጎሚስታው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የመጋዘኑ ሰው ለሕይወታችን አስጊ ስለሆነ ከጋራዡ ይነሳልን ይላል። ፊውዝ ጽፎታል፤ የፊውዝ ጽሕፈት ቆንጆ ነው። ሁሉም እጅ መታጠቢያው ዙሪያ ተሰብስቦ ቆሟል። ጎሚስታው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለጋሽ ፍሬን ዘረጋ፤ በዕድሜም በሥራም የሚቀድመው እሱ ነውና የመጀመሪያውን መስመር ለሱ ትተውለታል። አንተ ከፈረምክ ራዲያተር እምቢ አይልም አለው።

ጋሽ ፍሬን እስክሪብቶውን ተቀበለ። ቢፈርም ማንም አያውቅም። የመጋዘኑ ሰው አይናገርም፤ ይኼንን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀው ነበር። ጋራዡ ውስጥ ምስጢር የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እስክሪብቶውን መልሶ ጎሚስታው ቱታ ኪስ ውስጥ ሰካለት።

«ዳዶው ልኩ ነበር» አለ። «ያልጠበቀ ነው። ቀድመህ ቀባኸው፣ ስልክ ተደወለልህ፣ ረሳኸው። ያየሁት እኔ ነኝ። የተናገርኩትም እኔ ነኝ።»

ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር፤ የሚዘጋው ጠፋ። የጎሚስታው ፊት መጀመሪያ ምንም አላሳየም። ከዚያ ቀስ በቀስ መፍቻው፣ ክሪኩ፣ ልጅቱ ተራ በተራ ሲመጡለት በግልጽ ታየ። የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዘ።

«ለማን ነው የተናገርከው?» አለ።

ጋሽ ፍሬን በአገጩ ወደ መጋዘኑ አመለከተ።

«ለሱ? ለሱ ከምትነግር ለኔ አትነግረኝም?»

ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ አለው። ጎሚስታው ስልኩን አውጥቶ አየ። ሦስቱ ጥሪዎች ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል፤ ትናንት አይቷቸው ምሳ አብረን እንብላ ሊለኝ ነው ብሎ ንቋቸው ነበር። ጋሽ ፍሬን የስምሪቱን ስልክና የመጋዘኑን ሰው ውሸት፣ በጣት የዞሩትን ሁለት ዳዶዎች አንድ በአንድ ተናገረ። ራዲያተር ከዚህ አንዲት ቃል እንዳልሰማና ማንም ካልነገረው እንደማይሰማ ጨመረ።  ጎሚስታው ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ጎማዎቹ ሄደ። ሰው በየፊናው ተበተነ። አሮጌው የአውቶብስ ወንበር ላይ የዚያን ቀን ምሳ የበላ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጋሽ ፍሬን ለኃላፊ የነገረው ነገር የለም። ማንንም አላስባረረም፤ ደብዳቤ ያስጻፈበትም ሰው የለም። የተናገረው ለራሱ ሰዎች ነው፣ የተናገረውም እውነቱን ነው፣ እውነቱም አርባና ሃምሳ ሰው ከገደል ያተረፈ ነው። በሕጉ ከሄድን ስፖኪዮ የሚያሰኘው አንዳች ነገር አልነበረም። ግን ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ ያወጣውን ሰው እያማከረ አይኖርም። ጎሚስታው ሁሉም ፊት አፍሯል። ፊውዝ የጻፈው ቆንጆ ወረቀት ከንቱ ቀርቷል። ሃያ ሰው ዘጠኝ ዓመት የሳቀበት ሳቅ ድንገት ሊመረመር ነው፤ ማን ይወዳል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ፍሬን እንደ ወትሮው ቱታውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ውስጥ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ገና እግሩ ደፉን ሲረግጥ አንድ ሰው ቸርኬ ላይ ሁለት ጊዜ መታ። ቃ፣ ቃ። ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ሥራው ላይ ተደፋ። ጋሽ ፍሬን የመጋዘኑ ሰው ከኋላው መጥቶ ይሆናል ብሎ ዞር አለ። ከኋላው ባዶው ግቢ ብቻ ነበር።

ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ወደ መጋዘኑ ሄደ። የፍሬን ሸራ ጠየቀ። የመጋዘኑ ሰው ወረቀቱን ገፋለት፣ ፈረመ። አለመሄዱን ሲያይ የመጋዘኑ ሰው ቀና አለ። ጋሽ ፍሬን ሚስትህ እንዴት ሆነች፣ ያኔ ማለቴ ነው፣ ዳነች አለው። ድናለች አለ የመጋዘኑ ሰው። ዓመት ተኩል አስታመምኳት፣ አሁን እሷ ናት እኔን የምታስታምመኝ ብሎ ፈገግ አለ፤ ጋሽ ፍሬን የሰውየውን ጥርስ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በመስኮቱ አልፎ ወደ ሥራ ክፍሉ አየ።

«መጀመሪያ አካባቢ ሰው ዞር ብሎ ያያል» አለው። «እኔ ሁለት ወር ሙሉ ዞር እያልኩ አይቻለሁ።»

ጋሽ ፍሬን የፍሬን ሸራውን ከመስኮቱ ላይ አነሳ። ምሳ ዕቃውን በቦታው አስቀመጠና ምሳ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበላ ጠየቀው።